ልጄ 2 ዓመት ከ8 ወሩ ነው አፉን አልፈታም፣ ሀዋሳ ውስጥ ስፒች ቴራፒ የት ይገኛል?

የሃይቅዳሯ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስቲ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። ወንድ ልጅ አለኝ የመጀመሪያዬ ነው፣ 2 ዓመት ከ8 ወር ሆኖታል እና አያወራም። አያወራም ስል ጭራሽ ዝም ይላል ማለቴ አይደለም፣ ይጮሃል ይስቃል በራሱ ቋንቋ ምናምን ይላል፣ ግን ቃል የሚባለው ቢቆጠር አስር አይሞላም። "እማ" ይላል አንዳንዴ፣ ኳስ ለማለት "ኳ" ይላል፣ አያቱ ጋ ሲሆን ደሞ ውሃ ሲፈልግ "ዋ" ይላል (አማቴ ከሱ ጋ ሲዳምኛ ነው የሚያወሩት)። የሚገርማችሁ ግን "ዋን ቱ ስሪ" ብሎ እስከ አስር ይቆጥራል፣ ቀለም ሁላ በእንግሊዝኛ ይጠራል፣ ከዩቲዩብ ነው የለመደው። ጎረቤት ሲሰማው "ኧረ ይሄማ ፈረንጅ ነው" ብሎ ይስቃል፣ እኔን ግን ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ምክንያቱም ሰማያዊና ቀይ በእንግሊዝኛ የሚል ልጅ ራበኝ ማለት አይችልም። የሆነ ነገር ሲፈልግ እጄን ይዞ እየጎተተ ፍሪጅ ጋ ይወስደኛል፣ ካልገባኝ ወለል ላይ ተዘርሮ ማልቀስ ነው።

እኔ ባንክ ነው የምሰራው፣ ጠዋት ወጥቼ አመሻሽ ላይ ነው የምገባው፣ ቀን ከሰራተኛችን ጋ ነው የሚውለው፣ ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት ግን ስራ ስትሰራ ቲቪውን ከፍታለት ነው፣ ብዙም አልፈርድባትም እኔም ደክሞኝ ስገባ ስልኬን እሰጠዋለሁ። አንድ የግል ክሊኒክ ወስጄው ነበር፣ ጆሮውንም አፉንም ሳያዩት "ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ 3 ዓመት ይሙላውና እናያለን" ብለው መለሱን። እናቴ "አባቱም እንደዛ ነበር ይባላል ተይው" ትላለች። ጎረቤት ደሞ ሁለት ቋንቋ አደናግሮት ነው አንዱን አስቁሚ ይላል፣ እኔ አሁን አማቴን ሄጄ የልጅ ልጅዎን በቋንቋዎ አያናግሩት ልበል?? አፌስ እንዴት ይታዘዝልኛል።

እና ጥያቄዬ፣ እዚህ ሀዋሳ ስፒች ቴራፒስት የሚባል (የንግግር ሕክምና ባለሙያ) አለ ወይ፣ ከሌለስ አዲስ አበባ ድረስ ይኬዳል ወይ፣ እስከዛ እኔ ቤት ውስጥ ምን ላድርግ? ደሞ ልቤን የሚያሞቅ ብቻ ሳይሆን እውነቱን ንገሩኝ በናታችሁ።

ታቦር ስር፦
አይዞሽ እህቴ ምንም አይደለም። የወንድሜ ልጅ 4 ዓመቱ ነው አፉን የፈታው፣ አሁን 3ኛ ክፍል ነው፣ ዝም በል ቢባል ራሱ ዝም አይልም 😂 እግዚአብሔር ያለው ቀን ያወራል አትጨናነቂ።

ሲስተር ከአቶቴ፦
ከላይ የጻፍከው ወንድሜ ቅን አስበህ ነው፣ ግን በዚህ ነገር ከብዙ እናቶች ጋ ስለምገናኝ ትንሽ ላስረዝም። ዘግይተው በራሳቸው የሚደርሱ ልጆች አሉ እውነት ነው። ችግሩ የትኛው ይደርሳል የትኛው ይቀራል የሚለውን በአይን አይቶ መለየት አይቻልም፣ የወንድምህ ልጅ ስለደረሰ የሷም ይደርሳል ማለት አይደለም። እና ቢታይ ምን ይጎዳል? ደህና ከሆነ ደህና ነው ተብሎ ይመለሳል።

እህቴ በደምሳሳው ልጅ በ1 ዓመት አካባቢ የመጀመሪያ ቃል ያወጣል፣ 2 ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃል ያገጣጥማል፣ "እማ ነይ" "ውሃ ስጪ" አይነት ማለት ነው፣ 2 ዓመት ተኩል ላይ ወደ 50 የሚሆን ቃል ይጠበቃል። አጠራሩ መስተካከል የለበትም፣ "ኳ" ኳስ ከሆነች ቃል ናት፣ "ዋ"ም ቃል ናት፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን ትቆጠራለች። ያንቺ ልጅ ከዚህ ትንሽ ሳይሆን በደንብ ወደኋላ ስለቀረ 3 ዓመት እስኪሞላው አትጠብቂ። ከ1 እስከ አስር መቁጠሩን ደሞ ለብቻው አድርጊው፣ የሸመደደው ነው እንጂ ለመግባባት አልተጠቀመበትም።

አሁን ስፒች ቴራፒ ከማለትሽ በፊት ጆሮው። መጀመሪያ ጆሮ ነው፣ ሁልጊዜ። እናቶች "ኧረ ይሰማል፣ ባጃጅ ሲመጣ ይዞራል፣ ሙዚቃ ሲከፈት ይጨፍራል" ይሉኛል። ባጃጅማ ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅስ ነው እኮ። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ሲጠራቀም ድምፅ ታፍኖ ነው የሚገባው፣ ጮክ ያለውን ይሰማል፣ ንግግር ውስጥ ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ግን፣ "ስ" "ፍ" "ሽ" የመሳሰሉት፣ ያመልጡታል። ቃሉ ተቆራርጦ የሚደርሰው ልጅ አስተካክሎ እንዲመልስልሽ አትጠብቂ። እኛ አገር ደሞ ልጅ ሲወለድ ጆሮው የሚለካበት አሰራር በየሆስፒታሉ ስለሌለ ብዙው የሚታወቀው ንግግር ሲዘገይ ነው።

ስለዚህ እነዚህን መልሺልኝ። ከኋላው ሆነሽ ሳያይሽ በቀስታ ስሙን ስትጠሪው ይዞራል? ሲተኛ ያንኮራፋል? አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው? ጆሮው መግል አውጥቶ ያውቃል? የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል? አውሮፕላን ወይ ውሻ ሲያይ "እዪልኝ" ብሎ ያሳይሻል? ያወራው የነበረና የጠፋበት ቃል አለ?

የሃይቅዳሯ፦
ሲስተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይጠቁማል፣ አዎ፣ ውሻ ሲያይ ጣቱን ቀስሮ ወደኔ ይዞራል፣ የጠፋበት ቃልም የለም። ከኋላ ስጠራው ግን አንዳንዴ ነው የሚዞረው እኔ ጨዋታ ይዞት ነው ነበር የምለው። ማንኮራፋቱማ ትልቅ ሰው ነው የሚያክለው!! አባቱ ይስቅበታል። ጉንፋን ደሞ አይለቀውም፣ ክረምት ላይ አንዱ ጆሮው ፈሶ ነበር ጠብታ ሰጥተውን ዳነ። አሁን ስጽፈው ራሴን ፈራሁ።

ሲስተር ከአቶቴ፦
አትፍሪ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚታከም ነገር ነው። ያንን ሁሉ ሳነበው ከአፍንጫው ጀርባ ያለው ስጋ፣ አዴኖይድ የሚሉት፣ አብጦ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ይዞ እንዳይሆን ነው የጠረጠርኩት፣ ግን በስክሪን አይታወቅም መታየት አለበት። ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈሽ ሪፈራል ሆስፒታል አንገት በላይ (የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ) ክፍል ሂጂ። "ልጄ አያወራም፣ መስማቱ ይለካልኝ" ብለሽ በግልፅ ተናገሪ፣ ያለበለዚያ ጠብታ ሰጥተው ሊሸኙሽ ይችላሉ። በሱ እድሜ ሲሰማ እጅህን አንሳ ተብሎ አይለካም፣ ጆሮው ላይ ትንሽ ነገር አድርገው የታምቡሩን እንቅስቃሴ የሚያዩበት አለ፣ ውስጠኛው ጆሮ መልስ መስጠቱን የሚያዩበትም አለ፣ ካስፈለገ ደሞ ተኝቶ ጭንቅላቱ ላይ ሽቦ ለጥፈው የሚለኩት ኤቢአር የሚሉት አለ። የቱ መሳሪያ እንደሚሰራ ቀድመሽ ጠይቂ፣ የሌለው ካለ ለአዲስ አበባ ሪፈር ይጻፍልሽ።

የድሮ ሰው፦
ልጆቼ እናንተ ሁሉን ነገር ሆስፒታል አደረጋችሁት። በኛ ጊዜ ልጅ አልናገር ሲል እንጥሉ ወርዶ ነው ይባልና አዋቂ ጋ ይወሰድ ነበር፣ ወይ የምላሱ ክር አጥሮ ይሆናል ትንሽ ነካ ሲያደርጉለት ይለቀዋል። ስንት ልጅ በዚህ ተናግሯል። እኛ ሰፈር አሁንም የሚያደርጉ አሉ፣ ጠበልም አብራችሁ ውሰዱት።

ሲስተር ከአቶቴ፦
አባቴ በክብር ነው የምመልስልዎ። ጠበሉን ይውሰዱት፣ የእምነት ነው፣ እኔ አልቃወምም። እንጥል ማስቆረጥ ግን በፍፁም!! እንጥል ንግግር አይከለክልም። ቤት ውስጥ በምላጭ የተቆረጡ ሕፃናት ደማቸው አልቆም ብሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ የሚመጡ አይቻለሁ፣ በአንድ ምላጭ ለብዙ ልጅ ሲቆረጥ የሚተላለፈውን በሽታ እርስዎም ያውቁታል። ያኔ የተናገሩት ልጆች ባይቆረጡም ይናገሩ ነበር። የምላስ ክር ማጠር የሚባል ነገር ደሞ እውነት አለ፣ ግን ቢበዛ አንዳንድ ድምፅ ያጣምማል እንጂ ልጅን ዲዳ አያደርግም፣ መቆረጥ ካለበትም ሀኪም ነው የሚወስነው። የሃይቅዳሯ ልጅ "እማ" "ኳ" ካለ ምላሱ ታስሮ አይደለም።

የሁለት ሴቶች አባት፦
ሲስተር ጨርሰሽዋል። እኔ በቴራፒው በኩል ያለውን ልጨምር ምክንያቱም ሁለተኛዋ ልጄ በዚህ አልፋለች፣ አሁን 5 ዓመቷ ነው፣ ታወራለች፣ አንዳንድ ፊደል ይንሸራተትባታል እንጂ ትግባባለች።

መጀመሪያ እውነቱን ላውራሽ፣ እኔ ስፈልግ ሀዋሳ ውስጥ ስፒች ቴራፒ ተምሮ በዚሁ ብቻ የሚሰራ ሰው አላገኘሁም። ልዩ ፍላጎት የተማሩ፣ ሳይኮሎጂ የተማሩ ጎበዝ ጎበዝ ሰዎች አሉ፣ "እንሰራለን" የሚሉም አሉ፣ ግን ሙያው ራሱን የቻለ ነው፣ ዲግሪውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው፣ የተመረቁትም ጥቂት ስለሆኑ አብዛኞቹ እዛው አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ እዚህ አንድ ሰው "ስፒች ቴራፒስት ነኝ" ካለሽ ምን እንደተማረ ጠይቂ፣ ይሄ መብትሽ ነው፣ ቅር አይበልሽ። አንዳንዱ ጋ ሂሳብ ከፍለሽ ልጅሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ "አፕል በል" "አፕል በል" ሲባል ይውላል፣ እኛ የቤታችንን ሙዝ ትተን አፕል ምን ያደርግልናል።

እኛ አዲስ አበባ ሄድን፣ 275 ኪሎ ሜትር ነው ያው ታውቂዋለሽ፣ ዘመድ ቤት አድረን። እኔ የጠበኩት ልጄን ወስደው ሲያናግሯት ነበር። ቴራፒስቷ ግን ወለል ላይ ቁጭ አለች፣ የሳሙና አረፋ የሚነፋባት ትንሽ ጠርሙስ አወጣች፣ አንዴ ነፋች፣ ልጄ ሳቀች፣ ከዛ ክዳኑን ዘግታ ጠርሙሱን ከፊቷ ጋ አስጠግታ ያዘችና ዝም። ዝም ብላ አይን አይኗን ታያታለች። እኔ አላስቻለኝም "በይ እስቲ ንፊ በይ!" ልል ስል በእጇ ዝም በል አለችኝ። በጣም ረጅም ዝምታ ነው የመሰለኝ፣ ግን ምናልባት አስር ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዛ ልጄ "ፉ!" አለች። ወዲያው ነፋችላት። ለቀጣዩ ደሞ "ፉ! ንፊ" ብላ ቴራፒስቷ ራሷ ጨመረችላት። አንዴም "በይ" አላለቻትም።

ከዛ ወደኔና ባለቤቴ ዞራ እዚህ በሳምንት አንዴ ብትመጡ ብዙም ለውጥ የለውም፣ ሌላውን ሰዓት ሁሉ ከናንተ ጋ ናት፣ ስለዚህ የማሰለጥነው እናንተን ነው አለች። ያስተማረችንን በራሴ አማርኛ ልጻፈው።

ጥያቄ ቀንሱ። እኛ ቤት "ይሄ ምንድነው? ምን ይባላል? በይ እስቲ ለአክስትሽ በይላት" ነበር ቀኑን ሙሉ፣ ልጄ ያን ስትሰማ አፏን ትዘጋለች። በሱ ፋንታ እየሰራሽ ያለሽውን ዝም ብለሽ በአጭሩ አውሪ፣ "ሽንኩርት። ሽንኩርት ልላጥ። ኡ አቃጠለኝ!"፣ አጭር፣ ልጁ ባለበት ደረጃ አንድ ቃል ብቻ ጨምረሽ። እሱ "ኳ" ሲል "ኳስ ልትል ነው? ኳስ በል" አትበይው፣ "ኳስ! ትልቅ ኳስ!" በይና ጨዋታውን ቀጥይ። ፊት ለፊቱ ዝቅ ብለሽ ሁኚ አፍሽን እንዲያይ።

ሁለተኛ እንዲጠይቅሽ ምክንያት ፍጠሪለት። እኛ ቤት ዳቦ ቆሎ የምትወድ ስለሆነ ጥብቅ ክዳን ባለው ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙስ ውስጥ አደረግነው፣ ታየዋለች መክፈት አትችልም፣ ይዛልን ትመጣለች። መጀመሪያ ማየት ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ "አ"፣ ቆይቶ "ክፈት"። አንድ ሙሉ እፍኝ አትስጪው ደሞ፣ ሁለት ሁለት ፍሬ፣ ደጋግሞ እንዲጠይቅ። ሲናደድ ግን ማስጨነቅ የለም ስጪው ጨርሱ። ምርጫ ስጪው፣ ሁለቱንም እያሳየሽ "ወተት ወይስ እርጎ?"፣ በጣቱ ቢጠቁም ራሱ መልስ ነው፣ አንቺ "ወተት!" ብለሽ ቃሉን ታለብሺዋለሽ።

ስክሪኑን በተመለከተ ቴራፒስቷ አልጮኸችብንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል። እሷ ያለችን ቲቪው የሚዘጋው ቴራፒ ስለሆነ ሳይሆን ሰው የሚያወራበት ሰዓት እንዲኖር ነው። ያንቺን ሰራተኛ ልጅ አትቆጫት፣ ቁጭ አድርገሽ እነዚህን ነገሮች አሳያት፣ ቀን ሙሉ አብራው ያለችው እሷ ናት፣ እኛ ጋ ከኔ በላይ የሰራችው የቤታችን ሰራተኛ ነች ብል አልዋሸሁም።

ስትሄጂ ደሞ የጆሮ ውጤቱን ይዘሽ ሂጂ፣ ያለሱ ሁሉም ቦታ መጀመሪያ ጆሮ ነው የሚሉሽ። ቤት ሲጫወት፣ ሲበላ፣ ከአያቱ ጋ ሲሆን አጫጭር ቪዲዮ ቀርፀሽ ያዢ፣ እንግዳ ቤት ገብቶ አፉን ሊዘጋ ይችላል። የሚላቸውን ቃሎች በሁሉም ቋንቋ ወረቀት ላይ ጻፊ። እኛ ቶሎ ቶሎ መመላለስ ስላልቻልን ቀሪውን በቪዲዮ እየላክን በስልክ ነው የተከታተለችን፣ ይሄን ከመጀመሪያው ጠይቂ አንዳንዶቹ ይስማማሉ።

ኬጂ መምህርት ነኝ፦
የሁለት ሴቶች አባት የጻፍከውን ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ ይቅርታ 😄

ስለ ሁለት ቋንቋው እኔ ልመልስ። ሀዋሳ እኮ ነው ይሄ። ክፍሌ ውስጥ ቤት ሲዳምኛ፣ ደጅ አማርኛ፣ አያት ጋ ወላይትኛ የሚያወሩ ልጆች አሉ፣ ሦስቱንም ይቀላቅላሉ ከዛ እየለዩ ይሄዳሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም፣ መዘግየት ያለበት ልጅ በአንድ ቋንቋ ቢያድግም ይዘገያል፣ በጥናትም የተረጋገጠ ነው። አያትየውን ዝም ካሰኘሽ ከልጁ ጋ በሙሉ ልብ ቁጭ ብሎ የሚያወራውን አንድ ሰው ነው የምትቀንሺበት፣ እንዲያውም ቅዳሜና እሁድ ብቻ ከሚሆን በሳምንት ሁለት ቀን ይጨመርልኝ በያቸው፣ ደስ ነው የሚላቸው። የሚያደናግረውስ የቱ መሰለሽ፣ ቤት ውስጥ ማንም የማይናገረው የዩቲዩብ እንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ ይለዋል የሚመልስለት ግን የለም።

ኬጂ አስገቢው ከእኩዮቹ ይለምዳል የሚሉሽም ይኖራሉ። ይለምዳል፣ ግን የት እንደምታስገቢው እዪ። በአንድ ክፍል ሃምሳ ልጅ ታጭቆ መምህርቷ በእንግሊዝኛ መዝሙር የምታስጮህበት ከሆነ ዝም ያለ ልጅ "ጨዋ ልጅ" ተብሎ ጥግ ላይ ነው የሚረሳው። አንዳንድ ኬጂም "ሲያወራ አምጪው" ብሎ ይመልሳል፣ ይሄ ያናድደኛል በእውነት። የልጆቹ ቁጥር ያነሰበት፣ ወለል ላይ አሸዋና ውሃ የሚጫወቱበት ቦታ ፈልጊና ለመምህርቷ በግልፅ ንገሪያት። እኔ ሲነገረኝ ከፊት ነው የማስቀምጠው፣ መልስ እንዲሰጥ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ሳይነገረኝ ግን ከዛ ሁሉ ልጅ መሀል የማውቀው ወር ካለፈ በኋላ ነው።

ፒያሳ 03፦
ኦቲዝም እንዳይሆን ግን? ዝም ብዬ ላስፈራራሽ ሳይሆን የእህቴ ልጅም ቁጥር በእንግሊዝኛ ይቆጥር ነበር፣ እጅ ይዞ ይጎትት ነበር፣ በኋላ ኦቲዝም ነው ተባለ።

ሲስተር ከአቶቴ፦
ማንሳትህ ጥሩ ነው፣ እዚህ አገር ሰው ስሙን እንኳ መጥራት ስለሚፈራ። እጅ መጎተትና የሸመደዱትን መድገም ሁለቱም ካሉ በሀኪም መታየቱ ጥሩ ነው። ግን ውሻ አይቶ ጠቁሞ ወደ እናቱ መዞሩ፣ ማየቷን ማረጋገጡ፣ ትልቅ ነገር ነው፣ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች እሱ ላይ ነው የሚከብዳቸው። ይሄ ማለት ግን ኦቲዝም የለበትም ማለት አይደለም፣ እኔም እዚህ ሆኜ አልወስንም። ጆሮው ታይቶ ከታከመ በኋላም ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ አብሮ መጫወት የማይፈልግ፣ ወይ ያለውን ቃል የሚያጣ ከሆነ የህፃናት ሀኪም ወይ የህፃናት አእምሮ ሀኪም ጋ ይታያል፣ አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል የህፃናት አእምሮ ክትትል አለ።

ፒያሳ 03 የእህትህ ልጅ አሁን እንዴት ነው?

ፒያሳ 03፦
ደህና ነው ተመስገን። እህቴ አዲስ አበባ ስለሆነች ጆይ የሚባል የኦቲዝም ማዕከል ነው የሚማረው። ያው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለራሳቸው ልጅ ትምህርት ቤት ሲያጡ። ነህምያ የሚባልም አለ። ክፍለ ሀገር ያለ ሰው ግን ወረፋው ራሱ አይደርሰውም፣ እሱ ነው የሚያሳዝነው።

ሞኖፖል ሰፈር፦
የኔ ከናንተ ይለያል ግን የሚጠቅመው ሰው ካለ ልጻፍ። ልጄ ላንቃዋ ተሰንጥቆ ነው የተወለደችው፣ ኦፕራሲዮኑ በነፃ ነው የተሰራላት፣ ስማይል ትሬይን በሚባል የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ ኦፕራሲዮን በሚደግፍ ድርጅት፣ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብሎ ልጁን ቤት የሚደብቅ ሰው ካለ በእግዚአብሔር ስም ንገሩት። የማታውቁት ነገር ግን ላንቃው ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ንግግሩ ወዲያው አይስተካከልም፣ አየሩ በአፍንጫዋ ነበር የሚወጣው፣ "ፓ" "ባ" ስትል "ማ" ነው የሚመስለው። የካቲት 12 ስፒች ቴራፒ አላቸው እዛ ነው የታየችው። እኔ ያስተማሩኝ መስታወት ከአፍንጫዋ ስር ይዤ ጭጋግ ካወጣ አየሩ በአፍንጫ እየወጣ ነው ማለት እንደሆነ ነው፣ ስታየው እሷም ጨዋታ አደረገችው።

የሃይቅዳሯ፦
ወገኖቼ ቃል አጣሁ። ጠፍቼ ነበር፣ ሪፈራል ሄደን ነው። ሲስተር እንዳልሽው ነው!! የሁለቱም ጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ አለ፣ አዴኖይዱም አብጧል። ሀኪሙ ጥሩ ሰው ነው ቁጭ አድርጎ አስረዳን፣ ብዙ ጊዜ ፈሳሹ በራሱ ስለሚደርቅ 3 ወር ያህል እንከታተለው፣ ካልደረቀ አዴኖይዱ ይወጣና ታምቡሩ ላይ ትንሽ ቱቦ ይገባል አለ። መስማቱ ጭራሽ የጠፋ ሳይሆን የቀነሰ ነው። እስከዛ ቀርቤ ፊት ለፊት እንዳወራው፣ ቤት የሚጮህ ነገር እንድቀንስ ነገረኝ። ጆሮው ስለተሻለ ብቻ ንግግሩ በአንድ ጊዜ አይመጣም፣ ያመለጠው ብዙ ስለሆነ ስፒች ቴራፒም ያስፈልገዋል ብሎ ጽፎልኛል።

የዳቦ ቆሎዋን ነገር እኛ በሙዝ ቺፕስ አደረግናት። ሰራተኛችን ከኔ በላይ ገብቷታል፣ ትናንት ስገባ "ክፈ" አለ ብላ በሩ ላይ ነው የተቀበለችኝ። አማቴም ከማክሰኞ ጀምሮ ይመጣሉ፣ መምህርቷ እንዳለችው ነገርኳቸው፣ አመሰገኑኝ እኮ።

አሁን አንድ ሀሳብ መጣልኝ። እኔ ልጄን ይዤ በየጊዜው አዲስ አበባ ከምመላለስ፣ ሌላውም እንደኔ ከሚመላለስ፣ ስንት ቤተሰብ እንሆን ይሆን እዚህ ከተማ? ተሰብስበን አንዷን ቴራፒስት ቅዳሜና እሁድ ሀዋሳ ብናመጣ፣ ትራንስፖርትና ማደሪያዋን ተካፍለን፣ ልጆቹን አይታ ለየቤቱ የሚሰራ ስራ ሰጥታ፣ ቀሪውን በስልክ ብትከታተል? አይሆንም?

የሁለት ሴቶች አባት፦
ይሆናል። እኛ የነበርንባትን ልጠይቃት እችላለሁ፣ ግን ስንት ልጅ እንደሆነ፣ እድሜያቸውን፣ የጆሮ ምርመራ ያደረጉትን ለይተን ካልነገርናት አትመጣም። ደሞ በሁለት ቀን ሃያ ልጅ እንድታይ ማድረግ የለብንም፣ የይስሙላ ይሆናል። ስድስት ሰባት ልጅ በደንብ፣ ሌላው ወላጅ ብቻውን መጥቶ ስልጠናውን ይከታተል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው እንደዚህ አይነት ስልጠና በአማርኛ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሰጥቷል፣ እሱን የወሰደች ከሆነች ጭራሽ ጥሩ።

ኬጂ መምህርት ነኝ፦
ቦታ ለኔ ተዉት፣ ቅዳሜ ክፍላችን ባዶ ነው፣ ዳይሬክተሯን አናግራታለሁ። ምንጣፍና መጫወቻ አለ። የጎረቤት ቡና ቤት ሙዚቃ ስለሚረብሽ ግን ጠዋት ይሁን።

ታቦር ስር፦
እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ሰውዬ ነኝ፣ ልጅ የለኝም ግን ባጃጅ አለኝ። ከዳቶም ሆነ ከአላሙራ የሚመጡ እናቶችን ቅዳሜ ጠዋት በነፃ አመላልሳለሁ፣ ሰዓቱን ብቻ ንገሩኝ።

የሃይቅዳሯ፦
ቴሌግራም ግሩፕ ከፍቻለሁ፣ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ ሊንኩን እልካለሁ። ስትጽፉ የልጁን እድሜ፣ ሰፈራችሁን፣ ጆሮው ታይቶ ከሆነና ካልሆነ ብቻ፣ የልጁን ስምና ፎቶ አትላኩ።

ዳቶ አዲሱ ሰፈር፦
የኔ ሴት ናት 3 ዓመት ከ2 ወር፣ ጆሮዋ አልታየም። ይሄን ሰሞን ሪፈራል ልወስዳት ነው፣ አንገት በላይ በየትኛው ቀን ነው የሚያዩት?

ሲስተር ከአቶቴ፦
ቀኑ ስለሚቀያየር ጤና ጣቢያ ሪፈሩን ስታጽፊ ጠይቂያቸው፣ በጠዋት ሂጂ። የክትባት ካርዷንም አትርሺ።